ጠጋኙ ኢንዛይም ሲጎድል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ከተማ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻው ወንድ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ይቀሩታል። የስምንት ወር ሕፃን ሳለ ባለቤቴ ቡና ከሚያደርቅበት አልጋ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጬው ፊቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ውኃም ቋጠረ፤ ከሳምንት በላይ አልድን ብሎ አስጨነቀን። አማቴ «ምች መትቶታል» ብለው ዳማከሴ አሹለት። ከዚያ ወዲህ ፊቱና የእጁ ጀርባ ጠቃጠቆ እየሞላው ሄደ፤ ዓይኑም ብርሃን ሲያይ ያለቅሳል። በቅርቡ ያየው የቆዳ ሐኪም «ሴሎቹ ዲኤንኤን የሚጠግን ኢንዛይም ይጎድላቸዋል፤ ከፀሐይ አርቁት» አለን። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አልደፈርንም። ይህ ኢንዛይም ምንድን ነው? ሁለቱ እህቶቹ ጤነኞች ሆነው በእርሱ ላይ ብቻ ለምን ሆነ? ሲያድግ ይመጣለት ይሆን? ወይስ በመርፌ ይሰጣል?
(ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህታችን፣ በጣም የሚያስጨንቅዎትን አስቀድሜ ልመልስ። ኢንዛይሙ (በሴል ውስጥ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ልጁ ሲያድግ አይመጣለትም፤ በመርፌም አይሰጥም። ነገር ግን ያ ኢንዛይም በቆዳው ውስጥ ሊሠራው ይገባ ከነበረው ሥራ አብዛኛውን እርስዎና ቤተሰብዎ ከቆዳው ውጭ ሆናችሁ ልታቃልሉለት ትችላላችሁ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ምን እንደሆነ በቅርብ ሲታይ የሐኪሙ «ከፀሐይ አርቁት» የሚለው አጭር ቃል ዋናው ሕክምና መሆኑ ይገባል።

ብዙዎቻችን ዲኤንኤን፣ ማለትም የዘር መመሪያችን በኬሚካል ፊደላት የተጻፈበትን ክር፣ የምናስበው አንድ ጊዜ ተጽፎ በሴል እምብርት ውስጥ እንደተቆለፈ፣ ማንም እንደማይነካው መዝገብ አድርገን ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሳይንቲስቶችም ይህን ይመስል ነበር የሚያስቡት። ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ግን ዲኤንኤ በሰውነታችን ሙቀትና ውኃ ውስጥ ምንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ እንደሚበላሽ አሳየ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ 10,000 ያህል ፊደላት ከቦታቸው ይወድቃሉ፤ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ደግሞ በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ወደ ዩራሲል ይለወጣል፤ ዩራሲል በዲኤንኤ ውስጥ ቦታ የሌለው እንግዳ ነው። ሊንዳል እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንን እንግዳ እየለየ ነቅሎ የሚያወጣውን ኢንዛይም አገኘ። እንግዲህ ጉዳት በእኔም በእርስዎም በሁለቱ ሴት ልጆችዎም ሴል ውስጥ በየሰዓቱ የሚደርስ ነገር ነው። ወንድ ልጅዎን ከእህቶቹ የለየው ጉዳት መድረሱ ሳይሆን የደረሰበት አንድ ዓይነት ጉዳት አለመጠገኑ ነው።

ያ ዓይነት ጉዳት ከፀሐይ የሚመጣው ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በዲኤንኤ ክር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፊደላትን፣ በተለይም ሁለት ቲሚኖችን፣ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። እነዚህ ፊደላት ከፊት ለፊታቸው ካለው ክር ጋር መያያዝ ሲገባቸው ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚቆራኙ ክሩ በዚያ ቦታ ይጎብጣል። ሴሉ ለመከፋፈል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እዚያ ጉብታ ላይ ሲደርስ ወይ ይቆማል፣ ወይ በግምት የተሳሳተ ፊደል ጽፎ ያልፋል። የተሳሳቱት ፊደላት የሴልን ዕድገት በሚቆጣጠሩ ዘረ-መሎች (የዲኤንኤ የመመሪያ ክፍሎች) ላይ ሲጠራቀሙ ካንሰር የምንለው ይጀምራል።

ጥገናው እንዴት እንደሚካሄድ ለማስረዳት ከቤቴ አጠገብ የታየውን ልንገርዎ። ሄርማታ አካባቢ በአንድ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ አረጋዊ አሉ። ባለፈው ወር ብል የበላውን ጋቢዬን ይዤላቸው ሄድኩ፤ በአንድ ቦታ ማጉ ተበልቶ ድሩ ግን ተርፎ ነበር። አባታችን በቀዳዳው ላይ በቀጥታ አልሰፉም። በመጀመሪያ ጋቢውን በጣታቸው እየዳሰሱ የሳሳውን ቦታ ሁሉ አገኙ፤ ቀጥለው በትንሽ መቀስ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ጤነኛው ማግ እስኪደርስ ድረስ ቆርጠው የተበላውን ክር በመርፌ ጫፍ እየሳቡ አወጡት፤ በመጨረሻም የቀረውን ድር እየቆጠሩ አዲስ ክር በመርፌ አስገቡበት። ድሩ ባይተርፍ ኖሮ ምን ያህል ክር እንደሚያስፈልግና በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚነግራቸው ነገር አይኖርም ነበር።

ሴልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዲኤንኤ ሁለት ክር ስለሆነ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ምን ተጽፎ እንደነበር ይመሰክራል። ኤክስፒሲ የተባለው ፕሮቲን ፊደል አያነብም፤ ክሩን እየዳሰሰ የጎበጠውን ቦታ ብቻ ይፈልጋል። ሲያገኝ ኤክስፒቢና ኤክስፒዲ የተባሉት ኢንዛይሞች መጥተው ሁለቱን ክሮች 25 ፊደል ለሚያህል ርዝመት ይለያዩአቸዋል። ኤክስፒኤ ጉዳቱ እውነተኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ኤክስፒኤፍና ኤክስፒጂ የተባሉት ሁለት መቀሶች ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ቆርጠው 30 ያህል ፊደላት ያሉትን ቁራጭ ያወጡታል። ሁለት ፊደል ተበላሸ ብሎ ሠላሳ መጣል ብክነት ይመስላል፤ እኔ ግን ልብስ ሰፊው የቆረጡትን ሳይ አልደነቀኝም። ክፍተቱን ፖሊመሬዝ የተባለ ኢንዛይም ጤነኛውን ክር እያየ ይሞላዋል፤ ላይጌዝ የተባለው ደግሞ ጫፉን ያጋጥመዋል።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ብቻ ከጎደለ ወይም ከደከመ ሌሎቹ ቢኖሩም ሥራው ይቆማል። የልጅዎ ሕመም ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ይባላል፤ ትርጉሙ ደረቅና ዥንጉርጉር ቆዳ ማለት ነው። ምልክቱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተመዝግቦ ቢቆይም ምክንያቱ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ጄምስ ክሊቨር የእነዚህ ሕሙማን ሴሎች በአልትራቫዮሌት የተጎዳ ዲኤንኤን መጠገን እንደማይችሉ ባሳየ ጊዜ ነው። ሕመሙ ስምንት ዓይነት አለው፤ ሰባቱ ከላይ ከጠቀስኋቸው ሠራተኞችና ከባልደረቦቻቸው በአንዱ መጓደል የሚመጡ ናቸው። በስምንተኛው ጥገናው ደኅና ሆኖ፣ የጎበጠውን ቦታ ሳይሳሳት የሚገለብጠው ልዩ ፖሊመሬዝ ይጎድላል።

በእርሱ ላይ ብቻ ለምን ሆነ ላሉት፣ እያንዳንዳችን ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የምንወርሰው ሁለት ቅጂ ዘረ-መል አለን። እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዛችኋል፤ ጤነኛው ቅጂ በቂ ኢንዛይም ስለሚያመርት ሁለታችሁም አታውቁትም ነበር። ልጅዎ ሁለቱን የተበላሹ ቅጂዎች ወረሰ። ይህ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ያለው ነገር ነው፤ ሴት ወይም ወንድ መሆን አይለየውም፤ በእርግዝና ወቅት የበሉት ወይም ያልበሉት፣ ያዩት ወይም የደነገጡበት ነገር ምንም ድርሻ የለውም። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍም አይደለም፤ ከእህቶቹ ጋር ይብላ፣ ይጫወት፣ ይተኛ። ከአልቢኖም ይለያል፦ አልቢኖ የሆነ ሰው የቆዳ ቀለሙ ይጎድለዋል እንጂ ጠጋኙ ደኅና ነው፤ የእርስዎ ልጅ ግን ቀለሙ አለው፣ ጠጋኙ የለውም። ጥቁር ቆዳ ጨረሩን ይቀንስለታል፤ አያድነውም።

ስለ አማትዎ አንድ ቃል ልበል። «ምች መትቶታል» ማለታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ፀሐይ ነው የመታው። የማልስማማው በቆዳ ላይ በሚቀባው ነገር ነው። በተለይ ጤና አዳምና ሎሚ ከቆዳ ጋር ተነካክተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ጤነኛውንም ሰው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ስላላቸው በዚህ ልጅ ቆዳ ላይ ከቶ አይቀቡ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ከተማችን ደመና ስለሚበዛባት ሰው ይዘናጋል፤ ቀጭን ደመና ግን ጨረሩን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። በጅማ ጃንጥላ የዝናብ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን የየዕለት ዕቃ ይሁንለት። ነጠላ አይበቃም፤ ጨርቁን በብርሃን ላይ ዘርግተው እጅዎ በውስጡ ከታየዎት ጨረሩም ያልፋል ማለት ነው። ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ እጅ አንጓና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ አልትራቫዮሌትን የሚከለክል መነጽር፣ ሳይሸፈን በሚቀረው ቆዳና በከንፈሩም ላይ በየሁለት ሰዓቱ የሚደጋገም 50 ቁጥር ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። የመስኮት መስታወት ጨረሩን በሙሉ አያግድም፤ ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ከመስኮት የራቀ ቦታ እንዲሰጡት መምህራኑን ይንገሯቸው። ባጃጅ ሲሳፈሩ ደግሞ በሁለት ሰው መካከል ይቀመጥ፤ የባጃጅ ጎን ክፍት ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ገላውን ሲያጥቡት ከራስ ቅሉ እስከ ጥፍሩ ይመልከቱት፤ የዓይኑን ቆብ፣ ከንፈሩን፣ የምላሱን ጫፍ እንኳ አይለፉ። የማይድን ቁስል፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም ቅርጹ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። በዚህ ሕመም ከ20 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሠሪ ሴሎች የሚነሣው ካንሰር) ባልሆነው የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 10,000 እጥፍ ይበልጣል፤ ቁጥሩን የነገርኩዎት ላስደነግጥዎ ሳይሆን በጊዜ የተገኘ ትንሽ እብጠት በቀላል ቀዶ ጥገና የሚወገድ ስለሆነ ነው። ፀሐይ ስለማያገኝ ቫይታሚን ዲ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው። በልጁ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፤ የሲጋራ ጭስ ከሚያደርሰው ጉዳት ከፊሉን የሚጠግነው ይኸው የሠራተኞች ቡድን ነው። አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ እንደ ልጅዎ በጥቂት ፀሐይ በብርቱ የሚቃጠሉት ዓይነቶች ከሌሎቹ ይልቅ የነርቭ ችግር ሊያስከትሉ ስለሚችሉ የመስማት ችሎታው በየጊዜው ቢመረመር መልካም ነው።

ስለ መርፌው፦ ኢንዛይም ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ በደም ሥር ቢሰጥ ወደ እያንዳንዱ የቆዳ ሴል እምብርት አይደርስም፤ ቢዋጥም እንደ ማንኛውም ሥጋ ወይም እንቁላል ይፈጫል። በቆዳ ላይ ግን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ላይ ይህ ሕመም ያለባቸው 30 ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ ጠጋኝ ኢንዛይም በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ተሞልቶ ለአንድ ዓመት ሲቀቡት፣ ካንሰርን የሚቀድሙ የቆዳ ቁስሎች ኢንዛይም የሌለውን ቅባት ከተጠቀሙት ይልቅ በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ቅባቱ በሐኪም የሚታዘዝ መደበኛ መድኃኒት ለመሆን አልበቃም፤ ስለዚህ «ዲኤንኤ ይጠግናል» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጥ ነገር ካጋጠመዎ ገንዘብዎን ለባርኔጣውና ለመነጽሩ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ በጅማ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። እፅዋት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው የማይጎዱት ለምንድን ነው? ደግሞስ ጠጋኝ ኢንዛይም ምንጊዜም የሰው ወዳጅ ነው?

መልስ፦ እፅዋትም ይጎዳሉ፤ ነገር ግን እኛ የሌለን ጠጋኝ አላቸው። ፎቶላይዝ የሚባል ኢንዛይም ሁለቱን የተጣበቁ ፊደላት ሳይቆርጥ፣ ሳይጥል፣ በቦታቸው ያላቅቃቸዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ከፀሐይ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ብርሃን የሠራውን ጉዳት በብርሃን ማለት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ኢንዛይም ይህ ነው። አልበርት ኬልነር እ.ኤ.አ. በ1949 በአልትራቫዮሌት ሊሞቱ የደረሱ ረቂቅ ተሕዋስያን ተራ ብርሃን ሲያገኙ እንደሚያገግሙ አስተውሎ ነበር። ኢንዛይሙን የሚሠራውን ዘረ-መል ለይቶ ያወጣው ግን በቱርክ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ በዚያው አካባቢ የገጠር ሐኪም ሆኖ ሠርቶ ወደ አሜሪካ የሄደው አዚዝ ሳንካር ነው። ሳንካር ይህን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ በሦስት ቤተ ሙከራዎች አመልክቶ ሦስቱም ስላልተቀበሉት በዬል ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተቀጠረ፤ ከላይ የገለጽኩትን የቆርጦ ማውጣት ጥገና በባክቴሪያ ላይ ያብራራውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊንዳልና ከአሜሪካዊው ፖል ሞድሪች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ሥራ ፍለጋ ደብዳቤ ጽፈህ መልስ ያጣህ ተማሪ ከሆንክ ይህን ብታውቅ አይከፋም።

ፎቶላይዝ በባክቴሪያ፣ በዓሣ፣ በካንጋሮ ሳይቀር አለ። ሰው፣ ከብትና አይጥ ያሉበት፣ ጽንስን በእንግዴ ልጅ የሚመግበው የአጥቢ ወገን ግን ጠፍቶበታል። ስለዚህ እኛ ያለን አንድ መንገድ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻ ነው፤ ያ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በላይኛው ደብዳቤ ያነበብከው ይሆናል። እፅዋትን የሚጠቅማቸው ሌላም ነገር አለ፦ ሴሎቻቸው በግድግዳ ታጥረው በቦታቸው የቆሙ ስለሆኑ ያለ ልክ ያደገ ሴል እንኳ ቢኖር ወደ ሌላ አካል አይሰደድም።

የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ «እንደ ቦታው» ነው። ካንሰርም ሴል ነውና ጠጋኝ ያስፈልገዋል። ከዲኤንኤ የተወሰነውን እየጎዱ ዕጢን የሚገድሉ መድኃኒቶች ሲሰጡ ኤምጂኤምቲ የተባለው ኢንዛይም ጉዳቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ዕጢውን ያተርፈዋል፤ አንዱ ሞለኪውል አንድ ጉዳት ብቻ ጠግኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ የበዛበት የአንጎል ዕጢ ለመድኃኒቱ አይበገርም። በተቃራኒው ብራካ የተባሉት ዘረ-መሎች የተበላሹባቸው የጡትና የእንቁልጢ ካንሰሮች የተበጠሰ የዲኤንኤ ድርብ ክርን በትክክል መቀጠል ስለማይችሉ ፓርፕ በተባለ ሌላ ጠጋኝ ላይ ይደገፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች ፓርፕ ሲታገድ እነዚህ ሴሎች ብቻ እንደሚሞቱ፣ ጤነኞቹ ግን ብራካ ስላላቸው እንደሚተርፉ አሳዩ። ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት በዚህ ሐሳብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካና በአውሮፓ ፈቃድ አገኘ። ጠጋኝን አግዶ ማዳን ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከጅማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ገበሬ ነኝ። በጎምቢሳ ያስቀመጥነው በቆሎ ሻግቶ «ዘርን የሚያበላሽ መርዝ አለው፣ ጉበት ይበላል» ተባልን። በደንብ ቢቀቀል ወይም ቢቆላ አይለቅም?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የነገሩዎት እውነት ነው፤ አይለቅምም። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የምግብ እሳት በበቂ አያጠፋውም። መርዙ ጉበት ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ጓኒን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ይጣበቃል፤ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን የገለጽኳቸው ሠራተኞች ይህንንም ቆርጠው ያወጡታል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲጨመርባቸው አይደርሱበትም፤ የተረፈው ፒ53 በተባለው ካንሰርን በሚያግድ ዘረ-መል ላይ የታወቀ አንድ ስህተት ይተዋል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ከሆነ አደጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

በቆሎው ወደ ጎምቢሳ ከመግባቱ በፊት በእርግጥ ደርቆ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምረው ክዳኑን ዘግተው ይነቅንቁት፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ፍሬው ገና እርጥብ ነው፣ ተመልሶ ይሰጣ። የሻገተውን ደግሞ ለቅሞ ከመጣል ይልቅ ለላም መስጠት ቁጠባ ሊመስልዎት ይችላል፤ መርዙ ግን በላሟ ጉበት ተለውጦ ወደ ወተቱ ይገባል፣ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ በአብዛኛው ልጅ ነው።